ድፍረት ብቻውን አይበቃም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ በኢቨንቲንግ (አንድ ፈረስና ፈረሰኛ በድሬሳዥ፣ በክሮስ ካንትሪና በዝላይ የሚፈተኑበት ውድድር) ትልቅ ፈረሰኛ የሚለየው በክሮስ ካንትሪ፣ ማለትም ሜዳ ላይ መሰናክል እየዘለሉ በሚጋለቡበት ክፍል፣ ባለው ድፍረት ነው ይላል። በግማሹ እስማማለሁ። ኒውዚላንዳዊው ፈረሰኛ ማርክ ቶድ እ.ኤ.አ. በ1995 ባድሚንተን በተባለው የእንግሊዝ የኢቨንቲንግ ውድድር ላይ የእርካቡ ጠፍር ተበጥሶበት የቀረውን መንገድ በአንድ እግር እርካብ ነው የጨረሰው። ግን እዚያ ኮርቻ ላይ ያቆየው ድፍረቱ ነው ወይስ ሚዛኑ? እኔ ሚዛኑ ነው ባይ ነኝ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ለአሥር ደቂቃ የክሮስ ካንትሪ ግልቢያ የተዘጋጀ ፈረስ ጉልበቱ ሞልቶ ይፈላል። ያንኑ ፈረስ በዋዜማው ድሬሳዥ (ፈረሱ በትእዛዝ የሚንቀሳቀስበት ፈተና) ላይ ጸጥ አድርገህ በቀስታ ማስኬድ አለብህ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ደክሞም ቢሆን ዘንግ ሳይነካ መዝለል ይጠበቅበታል። አንድ ዘንግ ከወደቀ 4 ነጥብ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ነው የእኔ ሰው ጀርመናዊው ሚካኤል ዩንግ የሆነው። ለንደን 2012፣ ሪዮ 2016፣ ፓሪስ 2024፤ በዚህ ስፖርት ሦስት የኦሎምፒክ የግል ወርቅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱን ሳም በተባለው ፈረስ፣ ሦስተኛውን ቺፕመንክ በተባለው አገኘ። ጥሩ ፈረስ ስላለው ነው የምትሉ፣ ፈረስ ቀይሮም አሸንፏል እኮ! ከፓሪስ በፊት በነበረው የቶክዮ ኦሎምፒክ ላይ ይኸው ቺፕመንክ አንዱን መሰናክል ገጨት አድርጎ፣ መሰናክሉ ሲገጭ እንዲወድቅ የሚያደርገው የደህንነት መቆለፊያ ተለቆ 11 ነጥብ ተቀጣ። ስምንተኛ ወጣ። ሌላው ቢሆን ፈረሱን ይቀይር ነበር። እሱ ግን በዚያው ፈረስ ፓሪስ ገባ።