ዕቃው አልተበላሸም!

ልናገርና ይውጣልኝ። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መደርደሪያው ላይ ያሉትን አሮጌ የሬዲዮ ቱነሮች አይቶ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ፍላሽ ይወስዳል?» አይወስድም። «ብሉቱዝስ?» የለውም። «ስፒከሩስ የታለ?» እሱም የለውም። ከዚያ አንገቱን ነቅነቅ ያደርግና «አይ፣ ይኼማ ተበላሽቷል» ብሎ ፈርዶ ወደ ቡናው ይመለሳል። የኔ ቡና ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

አልተበላሸም ወገን! የቱነር ሥራ አንድ ብቻ ነው። ከአየር ላይ የኤፍ ኤም ሞገድ ይይዛል፣ ድምፁን ከውስጡ ያወጣል፣ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል። አለቀ። ማጉላት የአምፕሊፋየሩ ሥራ ነው፣ መጮህ የስፒከሩ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እነ ሳንሱይ፣ ፓዮኒር፣ ኬንውድ፣ ያማሃ፣ ቴክኒክስ ሬዲዮ ከመያዝ ሌላ ምንም ለማይሠራ ዕቃ ሲፎካከሩ የከረሙ ናቸው። ፊቱ አሉሚኒየም፣ አንዳንዱ ጎንና ጎኑ እንጨት፣ ስታነሳው ወገብህ ይሰማዋል። ማዞሪያው ከኋላው ከባድ ብረት ስላለው አንዴ ላላ አድርገህ ስታሽከረክረው መርፌው መስታወቱ ላይ በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ይሄዳል። ሁለት ትንንሽ መለኪያዎች አሉት፤ አንዱ ሞገዱ ምን ያህል እንደሚጠነክር ያሳያል፣ ሌላው ጣቢያው መሀል ላይ በትክክል መቆምህን። ማታ የቤቱን መብራት አጥፍተህ በመስታወቱ ብርሃን ብቻ አምባሰል ስትሰማ፣ የማሲንቆው ጭራ ከጭራ ሲፈተግ ሳይቀር ይሰማሃል። ይኼን የቀመሰ ሰው ነው የሚገባው።

እስኪ ደግሞ ከየት እንደሚመጡ ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ ከየቤቱ አንድ ሰው ሳዑዲ ደርሶ ተመልሷል፤ ዱሮ ከጅዳና ከሪያድ ሲመጡ ሙሉ የሙዚቃ ዕቃ ስብስብ ጭነው ነበር የሚመጡት። አምፕሊፋየሩ፣ የካሴት ማጫወቻው ዴክ፣ ቱነሩ፣ ስፒከሩ፣ ሁሉም ተደራርቦ። ከዓመታት በኋላ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ለሰርግ ወይም ለሱቅ ይፈለጋል ተብሎ ይሸጣል። ዴኩ በካሴት ምክንያት ትንሽ ይቆያል። ቱነሩ ብቻውን ይቀራል። «ለብቻው አይጮህም» ተብሎ ለልዋጭ ይሰጣል፤ በፕላስቲክ ሳህን! ሰኞ ገበያ አካባቢ ከተበታተነ ጄኔሬተርና ከዛገ የስፌት መኪና መሀል ተኝቶ አግኝቼዋለሁ፣ መስታወቱ እንኳ ሳይሰነጠቅ። አምጥቼ አቧራውን ስጠርገው ሠራ። ወላሂ ወዲያው ነው የሠራው።

ይኼ ግን ዱሮ ቀረ። አሁን አንዱ ቪዲዮ ላይ «ቪንቴጅ» የሚባል ነገር አይቶ ሁሉም ደላላ ሆኗል። ትናንት በኪሎ ሲመዝነው የነበረ ዕቃ ዛሬ «አንቲክ ነው፣ አይገኝም» ይልሃል። ሰክቼ ልየው ስትለው «ይሠራል፣ አብሽር» ይላል። የሚሠራ ከሆነ ለምን አንሰካውም? ደግሞ ከኋላው ያለውን የቮልት መምረጫ የሚያይ የለም። ከሳዑዲ የመጣው ብዙ ጊዜ 110 እና 220 ላይ የሚዞር ነገር አለው። 110 ላይ እያለ እኛ ሶኬት ላይ ሰክተው ያጨሱትና «አሮጌ ስለሆነ ነው» ይላሉ። አሮጌ ስለሆነ አይደለም፣ ስላላነበብክ ነው!

ከዚህ የባሰው የጃፓኑ ነው። ቪትዝ ያለው ሰው ይኼን በደንብ ያውቀዋል፤ ከጃፓን የመጣ መኪና ሬዲዮው 76 ላይ ጀምሮ 90 ላይ ያልቃል፣ እኛ ጣቢያዎቻችን በብዛት ከ90 በላይ ናቸው። የአዲስ አበባዎቹን ብቻ ብናይ 97.1፣ 98.1፣ 102.1። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቱነርም እንደዚያው ነው። ሰውዬው ከመርካቶ በውድ ገዝቶ ደሴ ድረስ ያመጣዋል፤ ብርቅ ዕቃ፣ አንድ ጭረት የሌለው። ከዚያ ባንዱን ዳር እስከ ዳር ቢያዞረው የሚይዘው ጣቢያ የለም ማለት ይቻላል። ፊቱ ላይ እኮ ተጽፏል፣ 76፣ 80፣ 84፣ 90 ይላል! ኬንውድ ራሱ ጃፓን ውስጥ ይሸጥ የነበረው ትሪዮ በሚል ስም ስለሆነ፣ ትሪዮ የሚል ካያችሁ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት መስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥር ቁጠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ። ካቻቢቴ።

ወንድሞቼ ጥገና ቤት ያላችሁ፣ አከብራችኋለሁ፣ ቴሌቪዥኑንም ጂፓሱንም የምታስነሱት እናንተ ናችሁ። ግን በፈጠራችሁ፣ ቱነር ከፍታችሁ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ጭንቅላታቸው ላይ ቀለም ያለውን ነገር በካቻቢቴ አትጠምዝዙ! እሱ ብሎን አይደለም። የላላ ነገር መስሏችሁ ነው የምታጠብቁት። ከጣቢያው የመጣው ሞገድ ቱነሩ ውስጥ ሲገባ ወደ 10.7 ሜጋ ኸርዝ ይቀየርና በእነዚያ ሳጥኖች ውስጥ ያልፋል፤ እነሱ ፋብሪካ ውስጥ በመለኪያ መሣሪያ አንድ በአንድ የተስተካከሉ ናቸው። ሩብ ዙር ብታዞሩት ድምፁ ይቀደዳል፣ የስቴሪዮው ቀይ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ውስጡ ያለው ጥቁሩ ነገር ደግሞ ተሰባሪ ነው፤ በብረት ካቻቢቴ ስትታገሉት ይሰነጠቅና አይወጣም አይገባም። አንዱን ጠጋኝ «ይኼን ማን ነካው?» ብዬ ብጠይቀው «ላላ ብሎ አገኘሁት፣ ሁሉንም አጠበቅኩልህ» አለኝ። ሁሉንም! በፈገግታ! ሒሳብም ጠየቀኝ።

ዘይት የሚያፈሱበትስ? ማዞሪያው ጋር ያሉት እንደ ማራገቢያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ ቆርቆሮዎች መሀል ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፣ «ድርቀት ነው» ብለው። ቆርቆሮዎቹ መሀል መኖር ያለበት አየር ብቻ ነው! ስታዞረው ካንኳኳና ከተንኮሻኮሸ ብዙውን ጊዜ ዘንጉን የሚነካው ቀጭን ብረት ቆሽሾ ነው፤ እሱን በንጹሕ አልኮል መጥረግ ይበቃል። ዱሮ የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ ያነብ የነበረ ጠጋኝ ነበር፤ አሁን ሁሉም ቦርድ ቀያሪ ሆኗል፣ ለቱነር ደግሞ የሚቀየር ቦርድ የለም።

እሺ፣ ያልተነካ ቱነር አገኘሁ እንበል። አሁን የጦሳ ተራራ ይጠብቀኛል።

የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ዞሮ አይመጣም። ለዚህ ነው የአዲስ አበባ ጣቢያ እዚያ ከሚተላለፍበት ማማ ደሴ የማይደርሰው፣ የሞገድ ማጉያም ብትገዛ አይመጣም፣ አትልፋ። ደሴ ደግሞ ተራራ መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከማሰራጫው አንዱ ሞገድ በቀጥታ ይመጣል፣ ሌላው ሄዶ ተራራው ላይ ይላተምና ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለቱ አንቴናህ ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ። የሚገርመው መለኪያው ሙሉ ነው የሚያሳየው። ሞገዱ ጠንካራ ነው፣ ድምፁ ግን «ስ» እና «ሽ» ላይ ሲደርስ ይቀደዳል። ጎረቤቴ ይኼን ሰምቶ ስልኩን ያወጣል። «ይኸው የኔ ጥርት ብሎ ይሠራል!» የሱ ስልክ የኤርፎኑን ገመድ አንቴና አድርጎ፣ ሞገዱ ሲደክም ስቴሪዮውን ቀስ ብሎ ወደ ሞኖ እየቀየረ፣ ጩኸቱን ደብቆ ነው የሚያሰማው። የኔ ሳንሱይ የመጣለትን እንደመጣ ይነግርሃል። እውነት መናገር ብልሽት ሆኖ ተቆጠረበት። በነገራችን ላይ ሽሽሽ ካስቸገራችሁ ሞኖ የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ፣ ግማሽ ችግራችሁ እዚያው ያልቃል።

መድኃኒቱ አንቴና ነው። ሽቦ ወይም ሹካ መሰካት አይደለም፣ አንቴና! ወደ 75 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ ወዲህ፣ 75 ሴንቲ ሜትር ወዲያ፣ መሀሉ ላይ ገመድ። ርካሽ ነው። ከዚያ የተሻለው ደግሞ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደረውና ወደ ማሰራጫው ብቻ የሚያይ ነው፤ ከኋላና ከጎን ከተራራው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም። ይኼን ጣሪያ ላይ ልስቀል ብዬ አከራዬን ለመንኳቸው።

«አይሆንም ልጄ፣ መብረቅ ይጠራብናል» አሉ።

«እትዬ፣ ይኼ ዲሽስ? ሦስት ዲሽ አለ እኮ ጣሪያው ላይ!»

«እሱማ ዲሽ ነው።»

ምን ትላለህ? መብረቁ ዲሽ ይፈራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንቴናዬ ከመጋረጃው ጀርባ በሚስማር ተሰቅሎ ነው የሚኖረው፣ መስኮቱ ደግሞ የሚያየው ተራራውን ነው። ያው እትዬ መጥተው ሲያዩ ያዝኑልኝና ቱነሩ ላይ ዳንቴል ያለብሱልኛል፣ ከላዩም የፕላስቲክ አበባ። ለማሳመር ነው። የአየር ማስወጫውን ሁሉ ሸፍነው። አወጣዋለሁ፣ በነጋታው ተመልሶ አለ።

መብራቱን አላነሳም ብዬ ነበር። ግን መሄዱ አይደለም የሚያናድደኝ፣ ሲመለስ የሚመለስበት ኃይል ነው። ስታቢላይዘር ሳያደርጉ ሃምሳ ዓመት የሞላው ትራንስፎርመር ላይ ያንን መልቀቅ ግፍ ነው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ያከማቸኸውን ጣቢያ የሚረሳው በፈረንጆቹ 80ዎቹ የተሠራው ዲጂታል ቱነር ነው፤ ባለ ክርና ባለ መርፌው ትናንት ያስቀመጥከው ቦታ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ስለዚህ ምርጫዬ ግልጽ ነው። መብራቱ ሲኖር ደግሞ ርካሹ ኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ራሳቸው ሞገድ ይረጫሉ። ቻርጀሩን ስነቅለው ጩኸቱ ይጠፋል፣ ልጆቹ ደግሞ «ስልኬን ማን ነቀለው?» ብለው ይጮሃሉ።

እሺ ይኼም ይሁን። ሌሊት ነው፣ ባጃጁ ጋብ ብሏል፣ ቻርጀር ተነቅሏል፣ መጋረጃው ጋር ያለው ሽቦ ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ ጥርት አድርጎ ይዟል። ቀዩ የስቴሪዮ መብራት በርቷል። አሁን ምን እሰማለሁ?

ከኢንተርኔት በተሰባበረ ጥራት የወረደ ዘፈን! ኤፍ ኤም እኮ እስከ 15 ሺህ ኸርዝ ድረስ ድምፅ መሸከም ይችላል፣ ለዘፈን ይበቃል። እናንተ ግን ስቱዲዮ ውስጥ በስልክ የተቀዳ የሚመስል ነገር ትለቁበታላችሁ። ቀይ መብራቷ የምትበራው ጣቢያው 19 ኪሎ ኸርዝ ላይ ምልክት ስለሚልክ ብቻ ነው፤ ዘፈኑ ሞኖ ቢሆንም ትበራለች፣ እሷ ምን ታድርግ። ከዚያ ማሲንቆው ገና ሲጀምር አዘጋጁ ይገባበታል። «አዎ አድማጮቻችን፣ ይኼን ውብ ሙዚቃ...» ውብ ከሆነ ለምን አትተወውም? ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ ደግሞ የቤት ዕቃ ማስታወቂያ። ዘፈኑ መሀል ላይ ተቆርጦ ይቀራል፣ ይቅርታ የሚል የለም። ስልክ ይቀበላሉ፤ ደዋዩ ሬዲዮውን ከፍቶ ነው የሚያወራው፣ «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን»፣ ሲጥ የሚል ጩኸት፣ «ሬዲዮዎን ይቀንሱልን»፣ እንደገና ሲጥ። ይኼ ሁሉ በጥሩ ቱነር ሲመጣ ደግሞ ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው! ማይክሮፎኑ አጠገብ ወረቀት ሲገለጥ፣ አዘጋጁ ሻዩን ፉት ሲል ሁሉ ይሰማኛል። ሚስቴ ከጓዳ ሆና «ያ ሬዲዮህ ተበላሸ መሰለኝ፣ ይጮሃል» ትላለች።

አስተያየት ላይ «ኤፍ ኤም ሞቷል፣ ኖርዌይ እንኳ ዘግታዋለች» የምትሉኝን አውቃለሁ። ኖርዌይ በፈረንጆቹ 2017 አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ወደ ዲጂታል ሬዲዮ አዛውራለች፣ እውነት ነው። እኛ ዲጂታል ሬዲዮ የታለና ነው ኤፍ ኤሙን የምንቀብረው? ለአሁኑ ያለን ይኼ ነው፣ ያለንን በወጉ ልቀቁልን።

እና ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከድሮ ቴሌቪዥን የተረፈ ያ ጠፍጣፋ የአንቴና ገመድ ወይም ያ የዓሣ አጥንት የሚመስለው አንቴና ካለ ለልዋጭ እንዳትሰጡት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለትም ወርጄ ቢሆን መጥቼ እወስዳለሁ። ቱነር ካላችሁም ፎቶ ላኩ፣ የመስታወቱ ቁጥር በደንብ የሚነበብ ይሁን። ክዳኑን ግን አትክፈቱት።