አይሪሽኛ በግዴታ ይማሩት? በአየርላንድ የሚኖሩ የሁለት ወላጆች ክርክር

በአየርላንድ ሪፐብሊክ የአገሩ ነባር ቋንቋ አይሪሽኛ ከአንደኛ ደረጃ አንስቶ «ሊቪንግ ሰርት» እስከሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ድረስ የግዴታ ትምህርት ነው። ከውጭ አገር መጥቶ 12 ዓመት ከሞላው በኋላ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን ነፃ ሊደረግ ይችላል። በ2011 የምርጫ ዘመቻ ፊን ጌል ፓርቲ ለመጨረሻዎቹ ክፍሎች ትምህርቱ በፍላጎት ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተማሪዎች ደብሊን ውስጥ ሰልፍ ወጡበት፣ ሐሳቡም ሳይፈጸም ቀረ። «አይሪሽኛ የግዴታ ትምህርት ሆኖ ይቀጥል» በሚለው ሐሳብ ላይ እዚያው ልጆች የሚያሳድጉ ሁለት ኢትዮጵያውያን የጻፉት ቀጥሎ ቀርቧል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ (እናት፣ ከጎልዌይ)

ስለ ግዴታ ከተነሣ፣ የትኛው ግዴታ ቀድሞ እንደመጣ እንይ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1831 በአየርላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ሲዘረጋ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። በብዙ መንደር የልጁ አንገት ላይ ቁራጭ እንጨት ይንጠለጠላል። ልጁ አይሪሽኛ ባመለጠው ቁጥር እንጨቱ ላይ አንድ ምልክት ይቆረጣል፤ ቀኑ ሲያልቅ መምህሩ ምልክቶቹን ቆጥሮ በዚያው ልክ ይገርፈዋል። እኔን ከግርፋቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የወላጆቹ መተባበር ነው። እቤት ውስጥ ምልክቱን የሚቆርጠው አንዳንዴ አባትየው ራሱ ነበር፤ እንግሊዝኛ ያልያዘ ልጅ ደብሊንም ሄደ ቦስተን እንጀራ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ።

ከዚያ በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። እስከ 1852 በዘለቀው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል በመርከብ ተሰደደ። በሽታው የመላ አገሩን ድንች ቢያበላሽም በብዛት የሞተው ከድንች ሌላ የሚበላው ያልነበረው የምዕራቡና የደቡቡ ጭሰኛ ነው፤ እህልና ከብት በወደቦቹ በኩል ወደ እንግሊዝ ሲጫን እያየ። አይሪሽኛ ተናጋሪውም በአብዛኛው እሱ ነበር። በ1851 ቆጠራ ቋንቋውን የሚናገሩት 1.5 ሚሊዮን ገደማ፣ ከሕዝቡ ሩብ የማይሞሉ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተነቀለውን በመንግሥት ትምህርት ቤት መመለስ ምን ክፋት አለው? ከእንግሊዝ አገዛዝ የተላቀቀው የአየርላንድ ነፃ መንግሥት ከ1922 ጀምሮ የያዘው መንገድ ይኸው ነው። በ1937 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 ደግሞ አይሪሽኛ የመጀመሪያው፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛው ይፋዊ ቋንቋ ተባሉ።

የድሃውንም ልጅ ነገር አስቡት። በበጋ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ለሦስት ሳምንት ያህል ጌልታክት ወደሚባሉት አይሪሽኛ ተናጋሪ አካባቢዎች፣ ወደ ኮነማራ ወይም ወደ ዶኒጎል፣ ይልካል። የአገሬው እናት ቤቷ ታሳድራቸዋለች። ጠዋት ትምህርት ነው፤ ከሰዓት ባሕር ዳር ይውላሉ፤ ማታ አዳራሽ ውስጥ አኮርዲዮን እየተነፋ ወንዱም ሴቱም ተሰልፎ ይጨፍራል። ልጆች ቋንቋው ሕይወት እንዳለው የሚያዩት እዚያ ነው። ክፍያውን ግን ብዙ ሰው አይችለውም። ትምህርቱ በፍላጎት ይሁን ከተባለ አይሪሽኛ የሚቀረው ለእነዚህ ልጆች ብቻ ነው።

ተቃዋሚ (የሂሳብ አስጠኚ፣ ከደብሊን)

እህቴ፣ ስለ እንጨቱም ስለ ረሃቡም ካሉት አንዲት ቃል አልቀንስም። እኔ የምጠይቀው መቶ ዓመት የተወሰደው መድኃኒት በሽተኛውን ማዳን አለማዳኑን ነው። በ2022 ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ከሕዝቡ 40 በመቶው፣ አይሪሽኛ እችላለሁ ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጪ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 71,968 ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ 13 ወይም 14 ዓመት የሚማረው ቋንቋ ነው ይህ! የማስጠናቸው ልጆች ለቃል ፈተናው ስለ ቤተሰባቸውና ስለ ሰፈራቸው የሸመደዱትን አንቀጽ ሳይተነፍሱ ይወጡታል። ፈታኙ ከአንቀጹ ወጣ ያለ ጥያቄ ከጠየቃቸው አለቀላቸው። ከፈተናው ማግስት ደግሞ አንቀጹም የለም።

ግዴታው ያተረፈው ጥላቻም አለ። እስከ 1973 ድረስ አይሪሽኛ የወደቀ ተማሪ ሌላውን ሁሉ በከፍተኛ ውጤት ቢያልፍም ሊቪንግ ሰርቱን እንዳለ ወድቋል ይባል ነበር። የመንግሥት ሥራም ያለ አይሪሽኛ አይገኝም ነበር። በዚያ የተቃጠለው ትውልድ ዛሬ አያት ሆኗል፤ ምሬቱን ለልጆቹ ሲያወርስ ኖሯል።

አሁን ደግሞ ማንም ሳያስገድድ የዳነውን ይመልከቱ። የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርልስ ከተማ ሲመሠረት ሃርሊንግ የሚባለው የአገሬው የዱላና የኳስ ጨዋታ በእንግሊዝ ስፖርቶች ሊዋጥ ምንም አልቀረው። በየአጥቢያው ክለብ ተቋቋመ፤ አባት ለልጁ ዱላውን አስያዘው፤ ሌላ ምንም ተአምር የለውም። ዛሬም ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። በሳምንቱ መምህር፣ ገበሬ፣ አናጢ ሆነው ይውሉና ለፍጻሜው እሑድ ደብሊን ባለው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ ከ80,000 በላይ ሕዝብ ፊት ይቆማሉ። የአገሬው ሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ ፊድል (ቫዮሊን) ካልተጫወትክ ትወድቃለህ የተባለ ልጅ የለም፣ ወጣቱ ግን በየመጠጥ ቤቱ ክብ ሠርቶ ይጫወታል።

ቋንቋ ይለያል ይሉኝ ይሆናል። በብሪታንያ ሥር ባለችው ሰሜን አየርላንድ የምትገኘውን ቤልፋስትን ልጥቀስልዎት። በ1960ዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች ተሰባስበው ሾው ጎዳና ላይ ቤታቸውን ሠሩ፤ ልጆቻቸውንም በአይሪሽኛ አሳደጉ። በ1971 የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ እንዲያውም መንግሥት ትምህርት ቤቱን ዕውቅና የሰጠው በ1984 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከየኪሳቸው እያዋጡ ያስተማሩ ወላጆች ናቸው።

ደጋፊ

ወንድሜ፣ የሃርሊንጉ ምሳሌ ለእኔም ቅርብ ነው፤ ትልቋ ልጄ ካሞጊ የሚባለውን የሴቶች ሃርሊንግ ትጫወታለች። ነገር ግን ሃርሊንግ በእንግሊዝኛ እየተጮኸም ይጫወታሉ፤ ኳሷ ቋንቋ አትጠይቅም። አይሪሽኛ የሚናገር ሰው መላሽ ይፈልጋል። ሱቁም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም ውስጥ የሚመልስለት ካጣ ቋንቋው በሰውየው ውስጥ ይቀበራል።

የቤልፋስቶቹን ወላጆች ከልቤ አደንቃቸዋለሁ። ግን እንደነሱ የቆረጠ ሰው በየከተማው ስንት ይገኛል? ዛሬ በሪፐብሊኩ 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚማሩት ሁሉንም ትምህርት በአይሪሽኛ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ነው። ትምህርት ቤቶቹ የወላጆች ጥረት ውጤት መሆናቸውን አልክድም። መምህራኑን ግን ከየት አመጧቸው? የአንደኛ ደረጃ መምህር ሁሉ አይሪሽኛ ማወቅ ስላለበት ነው የተገኙት።

ግዴታው ሲነሳ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንግሊዝ ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋ ትምህርትን በ2004 በፍላጎት አደረገች። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሚፈተኑት ልጆች ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። አስተማሪ ሲያንስ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መማር ቢፈልግም የሚያስተምረው አያገኝም። ሽምደዳውን በተመለከተ አብረን እንታገለው፤ ከ2012 ጀምሮ በሊቪንግ ሰርት የቃል ፈተናው ከአይሪሽኛው ጠቅላላ ውጤት 40 በመቶ ሆኗል፣ አካሄዱ ትክክል ነው፣ ይቀጥል።

የእኛን ልጆች ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ብዙ ወላጆቻችን ልጃቸው 12 ዓመት አልፎት ከመጣ ነፃ እንዲደረግ ይቸኩላሉ፤ እንግሊዝኛው ይብቃው ይላሉ። ያ ልጅ ጓደኞቹ አይሪሽኛ ሲማሩ ኋላ ወንበር ላይ የሌላ ትምህርት የቤት ሥራ ይሠራል። አድጎ የአንደኛ ደረጃ መምህር ልሁን ቢል ደግሞ አይሪሽኛ ስለሚጠየቅ መንገዱ ይረዝምበታል። ትንሿ ልጄ ፌብሩዋሪ 1 ቀን በሚከበረው የቅድስት ብሪጂድ በዓል ከቄጠማ የጎነጎነችውን መስቀል ይዛ ስትመጣ መዝሙሩንም በአይሪሽኛ ትዘምርልኛለች። መስቀሉ አራት ክንድ አለው፤ ቄጠማው እየታጠፈ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ በር በላይ ይሰቀላል። ለዚህ በዓል የአገሬው ልጅና የእኔ ልጅ እኩል ናቸው። ከዚህ ክፍል ልጄን በገዛ እጄ አላስወጣም።

ተቃዋሚ

ትንሿ ልጅዎ የምትማረውን አይሪሽኛ እኔም አልነካውም። እስከ 15 ዓመት ግዴታ ይሁን፤ ከዚያ ይምረጡ። እንግሊዞቹ የተዉት የሰው አገር ቋንቋ ነው። እዚህ ተማሪዎቹ ራሳቸው በ2011 አይነካብን ብለው አደባባይ ከወጡ፣ ምርጫው ቢሰጣቸው ይተዉታል ብለው የሚሰጉት ለምንድን ነው? ያልፈለገው ሲወጣ ለፈለገው ክፍሉ ይጠብለታል፤ መምህሩም ለፈተና ማሸምደዱን ትቶ ያወራቸዋል።

የሚወጣው ጉልበትና ገንዘብ ጌልታክት ይሂድ። ቋንቋው ሳይቋረጥ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እዚያ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወጣት ባለትዳሮች መኖሪያ ቤት አጥተው እየለቀቁ ነው። የባሕር ዳር ቤቶች ለዕረፍት ለሚመጣ ሰው ይሸጣሉ፣ ይከራያሉ። ለክረምቱ የሚከራይ ቤት ቢገኝ እንኳ በጋ ሲመጣ ለቱሪስት ልቀቁ ይባላል። አይሪሽኛ የሚናገሩ አባትና እናት ጎልዌይ ከተማ ገብተው ልጃቸውን በእንግሊዝኛ ካሳደጉ፣ ደብሊን ያለ የ17 ዓመት ልጅ ግስ ቢያረባ ያንን ቤተሰብ ይመልሰዋል?

ደጋፊ

በቤቱ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የማየው ነገር ነው። ግን ጌልታክት ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ብቻውን ድምፅ ሰጥቶ ቤት አያሠራም። ለዚያ በጀት እሺ የሚለው ደብሊንና ኮርክ ያለው መራጭ ነው። በ2011 ለቋንቋው ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች አይሪሽኛን በግዴታ የተማሩ ልጆች ነበሩ። ያለ ግዴታው ያን ያህል ሕዝብ ከየት እናገኛለን?