እርማት፦ ስኮትላንድ በቤት ውስጥ መጸለይን አልከለከለችም

«ስኮትላንድ ውስጥ በገዛ ቤትህ ብትጸልይ ትከሰሳለህ» የሚለው ወሬ ብዙ ምእመናንን አስደንግጧል። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ጄዲ ቫንስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ሙኒክ ላይ ከተናገሩት ወዲህ ደግሞ እንደ እውነት ተይዟል። እውነቱ ግን ይህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት በሚሰጥባቸው ተቋማት ዙሪያ 200 ሜትር ክልል ያጥራል። ጸሎትን በስም ጠቅሶ አይከለክልም። የሚከለክለው ሆን ብሎ ወይም በግዴለሽነት የተገልጋዮችን ውሳኔ ለማስለወጥ መሞከርን፣ መንገድ መዝጋትንና ማስጨነቅን ነው። ወሬው መነሻ ያገኘው በክልሉ ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ከተላከ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከግል ቤት ሆኖ የሚደረግ ድርጊትም ከውጭ የሚታይ ወይም የሚሰማ ከሆነ ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ለምሳሌ ወደ ክሊኒኩ በር ፊቱን ያዞረ መፈክር በመስኮት ላይ መለጠፍ። ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ ከፈጣሪ ጋር መነጋገርን ከዚህ ጋር ማምታታት ለአማኙ ራሱ አይበጅም።

ይህ ማለት ግን የሃይማኖት ነፃነት ጥያቄ የለም ማለት አይደለም። በእንግሊዟ ቦርንመዝ አንድ ሰው በክሊኒክ አቅራቢያ በዝምታ ሲጸልይ ተገኝቶ፣ ቦታውን ልቀቅ ሲባል እምቢ በማለቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ጥፋተኛ ተብሏል። እኔንም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ መከራከር ካለብን በእንዲህ ያለው እውነተኛ ጉዳይ ላይ እንከራከር።