የኮሌጅ ስፖርትን ካርታ የሚያሰምረው ማን ነው?

ዩጂን የምትባለውን የኦሪገን ከተማ የአትሌቲክስ ወዳጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃታል። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ፣ ጉዳፍ ፀጋይ፣ ታምራት ቶላና ጎተይቶም ገብረሥላሴ ወርቅ ያጠለቁባት፣ ኢትዮጵያም በሜዳሊያ ሰንጠረዡ ሁለተኛ የወጣችባት ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ጉዳፍ ሄይዋርድ ፊልድ በሚባለው ስታዲየም 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ስታዲየሙ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው። ክብረ ወሰኑ ከመሰበሩ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 4 ቀን፣ ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ1915 ከመሠረቱት አንዱ የሆነበትን የምዕራብ ጠረፍ የውድድር ማኅበር ጥሎ፣ መሠረቱ መካከለኛው ምዕራብ የሆነውን ቢግ ቴንን እንደሚቀላቀል አስታወቀ።

በአሜሪካ ኮንፈረንስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ የስፖርት ዓይነቶች እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩበት ማኅበር ነው። መነሻው ጉርብትና ነበር፤ ተማሪዎች በባቡር ወይም በአውቶቡስ ሄደው፣ ተጫውተው የሚመለሱበት፣ ወላጅም ልጁን ለማየት ከሥራ የማይቀርበት ርቀት። ዛሬ ስሙ «ታላቁ አሥር» የሆነው ቢግ ቴን ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ 18 ዩኒቨርሲቲዎች አሉት፤ የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስም በ2024 የፓሲፊክ ውቅያኖስ ጎረቤት የሆኑትን ስታንፎርድንና በርክሌይን አባል አድርጓል። ስሙን ለመቀየር እንኳ የተጨነቀ የለም። ብዙ ሰው ነገሩን «ቴሌቪዥን ስፖርቱን ገደለው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በዚህ ብቻ መታለፍ የለበትም እላለሁ። ካርታውን የሚያሰምሩት ጣቢያዎቹ ቢሆኑም ፊርማው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ነው፤ እነርሱም ለአንድ ስፖርት ብለው የተስማሙበትን ጉዞ በሌሎቹ ስፖርቶች ሁሉ ላይ የጫኑት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ነው። እስከ 1984 ድረስ የኮሌጅ ፉትቦልን (የራስ ቁር አጥልቀው የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ኳስ ማለቴ ነው) የቴሌቪዥን ሥርጭት የሚቆጣጠረው፣ አንድ ቡድን ስንት ጊዜ በስክሪን እንደሚታይም የሚወስነው ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደላቸው። በልዩነት ከወጡት ዳኞች አንዱ ባይሮን ዋይት በወጣትነቱ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ኮከብ የነበረ ሰው ነው፤ ፍርድ ቤቱ የኮሌጅ ስፖርትን ልክ እንደ ማንኛውም የትርፍ ንግድ አድርጎ ማየቱ ስህተት ነው ሲል ጻፈ። በሕጉ በኩል አብላጫዎቹ ትክክል ይመስሉኛል፤ አንድ ድርጅት ገበያውን ሁሉ ጨምድዶ መያዙ ተገቢ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ለብቻው ሻጭ ሆነ፤ ሻጭ ደግሞ ዕቃውን የሚያሰናዳው ገዢው በሚፈልገው መልክ ነው።

ገዢው ምን እንደሚፈልግ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ ሳያውቀው ከኪሱ ከፍሎበታል። ቢግ ቴን በ2007 ከቴሌቪዥን ኩባንያው ከፎክስ ጋር ሆኖ የራሱን ጣቢያ ከፈተ። የኬብል ኩባንያዎች ለዚህ ጣቢያ በየደንበኛው የሚከፍሉት ሒሳብ፣ የኮንፈረንሱ አባል ባለበት አካባቢ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ደንበኛው ጨዋታውን አየውም አላየውም ሒሳቡ ከወርሃዊ ክፍያው ላይ ይነሣል። እንግዲህ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን አባል ማድረግ ማለት የዋሽንግተንና የባልቲሞርን ሳሎኖች መቁጠር ነበር፤ የኒው ጀርሲውን ረትገርስን መውሰድ ደግሞ የኒው ዮርክን። ሁለቱም በኖቬምበር 2012 ጥሪውን ተቀብለው በ2014 ገቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ኬብሉን ለዜናና ለልጆች ፊልም ያስገባ ቤተሰብ አባል ላልሆነበት ዕድር መዋጮ ከፈለ ማለት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሜሪላንድ ያለ ምክንያት አልሄደም። በዚያው 2012 በጋ ላይ የስፖርት ክፍሉ በኪሳራ ምክንያት ሰባት ቡድኖችን ዘግቷል፤ ከመካከላቸው የወንዶች አገር አቋራጭ ሩጫ ይገኝበታል። ባዶ ካዝና ይዞ የተቀመጠ ሰው የመጣለትን ገንዘብ እንዲመልስ መጠበቅ ቀላል አይደለም።

የሚያስገርመው ግን ያ ስሌት ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ሰዉ ኬብሉን እያቋረጠ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር የቤት ብዛት መቁጠር ዋጋ አጣ፤ አሁን የሚሸጠው ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ቅዳሜ ማታ ተቀምጦ የሚያየው የታላላቅ ስሞች ግጥሚያ ሆነ። ቴክሳስና ኦክላሆማ በ2021 ወደ ደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ ለመሄድ የወሰኑት፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ዩሲኤልኤ የተባለው የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በጁን 2022 ቢግ ቴንን እንቀላቀላለን ያሉት በዚህ ሁለተኛው ስሌት ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል የተባለ ውል ተዋዋለ። ኦሪገን ያለበት የምዕራቡ ኮንፈረንስ፣ ፓክ 12፣ እነዚህን ሁለት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች አጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ ገዢ ሲፈልግ ቆየ፤ በመጨረሻ የቀረበለት ጨዋታዎቹን በአብዛኛው በአፕል የኢንተርኔት አገልግሎት የሚያሳይ፣ ገቢው በተመዝጋቢ ብዛት የሚወሰን ውል ነበር። ኦሪገንና በምዕራብ ጠረፍ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከሙሉ አባል ድርሻ ያነሰ ለመቀበል ተስማምተው ወደ ቢግ ቴን ሄዱ፤ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ በዚያው ዕለት ቢግ 12 ወደተባለው ሌላ ኮንፈረንስ ተሻገሩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት አራት ነበሩ፤ ወር ሳይሞላ ሁለት።

ጣቢያዎቹ ሁልጊዜ «እኛ የቀረበልንን እንገዛለን እንጂ ማንንም ከማንም አናጣምርም» ይላሉ። በ2011 የቦስተን ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊ የነበረ ሰው ለጋዜጣ ሲናገር፣ በአባላት ምርጫው ምን ማድረግ እንዳለብን የነገረን የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ነው የሚል ቃል አምልጦት፣ ኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታ ባይጠይቅም ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ነገሩን አያጣውም። ጨዋታው በማስታወቂያ ምክንያት ሲቋረጥ ቀይ ኮፍያ ያደረገ የቴሌቪዥኑ ሰው ወደ ሜዳው ይገባል፤ ሃያ ሁለት ግዙፍ ጎረምሶችና ዳኞቹ እጃቸውን አጣምረው እርሱን ይጠብቃሉ፤ እርሱ ካልወጣ ኳሷ አትነሣም። የአብዛኛው ጨዋታ መጀመሪያ ሰዓት የሚታወቀው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጠች እናት ጨዋታው ቀትር ላይ ይሁን ማታ አታውቅም።

ፉትቦል እንኳ ይህን ይችለዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚጫወተው፣ የሚጓዘውም በተከራየው አውሮፕላን ነው። ሯጮችም ኮንፈረንሱን የሚያገኙት በዋናነት በሻምፒዮና ወቅት ስለሆነ ጉዳቱ ቀለል ይልላቸዋል። ዕዳው የወደቀው በመረብ ኳስ፣ በሶፍትቦል፣ በቤዝቦልና በሴቶች እግር ኳስ ላይ ነው። ከሎስ አንጀለስ ረትገርስ ድረስ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ዱባይ ከሚያደርሰው በረራ በብዙ ይረዝማል፣ የሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነትም አለው። የሚዙሪው የፉትቦል አሠልጣኝ ኤላይ ድሪንክዊትስ በ2023 ያነሣው ይህንኑ ነበር፦ እሑድ አመሻሽ ጨዋታ ጨርሰው ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ሰኞ ጠዋት ክፍል የሚገቡትን የሶፍትቦልና የቤዝቦል ልጆች ዋጋ ቆጥረነዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ኃላፊዎች ግን የቆጠሩት ሌላ ነው። ዩሲኤልኤ በመውጣቱ ለተጎዳው ለእኅቱ ለበርክሌይ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ለሦስት ዓመት እንዲከፍል ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ወስኗል፤ ልክ ትዳሩን ፈትቶ ቀለብ እንደሚቆረጥበት ሰው።

በእርግጥ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ነው እነዚሁን ትንንሽ ቡድኖች የሚያኖራቸው የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ከዚህ አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ስለሚሄድ የገንዘቡ ጥማት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ግን ገንዘቡን ያመጣው ፉትቦል ከሆነ ለምን ፉትቦል ብቻ አይጓዝም? አይቻልም እንዳይባል ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ፉትቦሉን ከማንም ኮንፈረንስ ሳያስገባ ለብቻው ለኤንቢሲ እየሸጠ፣ አብዛኞቹን ሌሎች ቡድኖቹን በአትላንቲኩ ኮንፈረንስ ያጫውታል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የፉትቦል ውላቸውን እንደያዙ ሌሎቹን ስፖርቶች ወደ የአካባቢያቸው ማኅበር ቢመልሱ ጣቢያዎቹ ያን ያህል የሚያጡት ነገር የለም፤ ማክሰኞ ማታ የሚደረግ የመረብ ኳስ ግጥሚያ ቢሊዮኖቹን አላመጣቸውም። ይህን የሚከለክለው የኮንፈረንሶቹ «ሁሉንም ወይም ምንም» የሚል የአባልነት ደንብ ነው፤ ደንቡን ያወጡት ደግሞ ፎክስ ወይም ኢኤስፒኤን ሳይሆኑ ራሳቸው ፕሬዚዳንቶቹ ናቸው።

ከ1915ቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው፣ ሁሉም ሲሄድ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ የሆነው ኦሪገን ስቴት የሚገኘው ኮርቫሊስ ነው። ከሄይዋርድ ፊልድ በር ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። የኦሪገን የመረብ ኳስ ቡድን የኮንፈረንስ ጨዋታ ሲኖረው በዚያ መንገድ አይሄድም፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል።