ለአሻንጉሊቷ 3 ፊልም፣ ለሼፉ አንድ መጥረቢያ

ሆረር የምትወዱ ከሆነ ይሄን ነገር ሳታስተውሉት አትቀሩም። ስቱዲዮዎች ከአንድ ከተወደደ ፊልም ውስጥ ገጸ ባህሪ መዘው ስፒን ኦፍ ሊሰሩ ሲነሱ ዓይናቸው ሁሌ ጭራቁ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሰው የሚባል አይታያቸውም። «ዘ ኮንጁሪንግ» በ2013 ሲወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አናቤል የምትባለዋ አሻንጉሊት የታሪኩ ዋና ነገር አልነበረችም፣ በዓመቱ ግን የራሷ ፊልም መጣ፣ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ250 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ፣ ከዛ በኋላማ ማን ያቁማቸው፣ በ2017 ሌላ፣ በ2019 ደግሞ ሌላ።

ገንዘቡ ይገባኛል፣ ነጋዴ ናቸው። ግን ጭራቅ ሲያብራሩት ያንሳል። «ዘ ኮንጁሪንግ 2» ላይ መነኩሴዋን አስታውሱ፣ ጥላዋ ግድግዳውን ታክኮ ተንሸራቶ ከተሰቀለው ስዕል ኋላ ይገባና ጣቶቿ የስዕሉን ጠርዝ ጨምድደው ይይዛሉ፣ ከዛ ስዕሉን እንደያዘች እየሮጠች ትመጣለች። እዛ ጋ ስለሷ የምናውቀው ነገር ስለሌለ ነው የምንጮኸው። በ2018 የራሷ ፊልም ሲወጣ ግን ከየት እንደመጣች፣ በምን እንደምትታሰር ቁጭ አድርገው አስረዱን፣ እኔ በበኩሌ መሃሉ ላይ መፍራቱን ትቼ ስልኬን ማየት ጀመርኩ።

ስለዚህ የኔ ጥያቄ ቀላል ነው፣ ስፒን ኦፉን ለሰዎቹ ስጧቸው። በተለይ ነገሩን ቀድመው ላወቁት፣ ወይ ለመርዳት መጥተው ለሞቱት።

«ዘ ሻይኒንግ» (1980) ላይ ያለውን የሆቴሉን ሼፍ ዲክ ሃሎራንን ውሰዱ። ልጅ እያለ ከአያቱ ጋር አፋቸውን ሳይከፍቱ ያወሩ እንደነበር ሆቴሉ ውስጥ ከእናት አባቱ ጋር ለሚከርመው ትንሽ ልጅ ለዳኒ ሲነግረው አንዲት ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ እዛ ውስጥ ግን ሙሉ ፊልም አለ። ከዛ ሰውዬው የልጁ ጭንቀት ማያሚ ድረስ ተሰምቶት አውሮፕላን ይሳፈራል፣ መኪና ይከራያል፣ በረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለምኖ ይደርሳል፣ ገብቶ ብዙም ሳይራመድ ደረቱ ላይ መጥረቢያ! እናትና ልጁ የሚያመልጡት እኮ እሱ ይዞት በመጣው ተሽከርካሪ ነው። በ1977ቱ የስቲቨን ኪንግ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞትም። ደግነቱ በ2025 «ዌልካም ቱ ዴሪ» የሚባለው ሲሪየስ ላይ ወጣቱን ሃሎራንን ወታደር አድርገው አምጥተውታል፣ ስለዚህ ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው።

ድሮም ተሞክሯል። «ዘ ኤክሶርሲስት» ላይ ያ ፊልም ወዳዱ መርማሪ ኪንደርማን ብዙ ቦታ አልነበረውም፣ ደራሲው ዊሊያም ፒተር ብላቲ ግን በ1990 ሦስተኛውን ፊልም እራሱ ዳይሬክት አድርጎ ሙሉውን በሱ ዙሪያ ሰራው፣ ግሩም ነው። እዛም ስቱዲዮው አላስቻለውም፣ ጋኔን ማስወጣት የሌለበት ኤክሶርሲስትማ አይሆንም ብሎ መጨረሻው ላይ በግድ አስጨመረበት፣ ሲታይም ያስታውቃል።

ከዛ ራልፍ አለ፣ «ፍራይዴይ ዘ 13ዝ» (1980) ላይ በሳይክል እየዞረ ካምፑ የተረገመ ነው፣ ከገባችሁ አለቀላችሁ የሚለው፣ ከጓዳ ብቅ ብሎ ልጆቹን የሚያስደነግጠው። ሁሉም እብድ ይለዋል። ግን ሰውዬው ልክ ነው! እዛ ካምፕ በ1958 ሰው ተገድሏል፣ እሱ ከዛ በኋላ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል፣ ሲሳቅበት ኖሯል፣ ሁለተኛው ፊልም ላይ ደግሞ ዛፍ ስር ቆሞ ታንቆ ይሞታል። እውነት እየተናገሩ ማንም ሳይሰማ ማርጀት ከየትኛውም ጭራቅ በላይ ያስፈራኛል፣ ያንን ፊልም ገዳዩን አንዴም ሳታሳዩኝ ብትሰሩት አየዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የማልረሳት «ጌት አውት» (2017) ላይ ያለችው ጆርጂና ናት፣ ቤቲ ጋብርኤል የተወነችው። ፊልሙን ላላያችሁ፣ ቤተሰቡ የጥቁር ሰው አካል ነጥቆ የራሱን ሰው አእምሮ ይገጥምበታል፣ ጆርጂና ውስጥ ያለችው የቤቱ አያት ናት፣ የአካሉ ባለቤት ደግሞ ታች ታፍና ሁሉን ነገር ከሩቅ እያየች ትኖራለች። ዋናው ገጸ ባህሪ ክሪስ ነጮች ሲበዙብኝ እጨነቃለሁ ሲላት ፊቷ ይቀየራል፣ የሚወጣ ነገር ያለ ይመስላል፣ ከዛ ፈገግ ብላ አይ አይ አይ እያለች ትደጋግማለች፣ እንባዋ ግን ይወርዳል። ፈገግታው የአያትየዋ ነው፣ እንባው የልጅቷ። ማን ነበረች? ፊልሙ የሚተውልን የክሪስ ፍቅረኛ፣ የቤተሰቡ ልጅ፣ ሮዝ የምትባለዋ ጋ ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘችውን ፎቶ ብቻ ነው፣ ሁለቱ አብረው፣ ልክ እንደ ክሪስ ተወዳ ታምና የመጣች ልጅ። እውነተኛ ስሟን እንኳን አይነግሩንም።

ያቺን ልጅ ከመያዟ በፊት አሳዩኝ፣ ከዛ ካሜራውን እሷ ታች ካለችበት ጨለማ አስቀምጡት፣ እጇ ሻይ ሲቀዳ፣ አፏ ያላሰበችውን ሲናገር፣ መስታወት ፊት ስትቆም ሌላ ሴት የሷን ፊት ስታደንቅ ከዛ እንይ። ምንም ትልቅ ባጀት አይጠይቅም፣ አንድ ቤትና አንዲት ጎበዝ ተዋናይ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ጆርዳን ፒል ራሱ ካልሰራው ግን ባይነካ ይሻላል፣ ሌላ ስቱዲዮ እጅ ከገባ የአያትየዋን ልጅነት ነው የሚሰሩልን።