ሂያጁ ይኑርልን

ደብረ ማርቆስ ብዙ ዓይነት ሰው አፍርታለች። ንጉሥ ነግሦባታል፤ ደራሲ ተወልዶባታል፤ ባለቅኔው ዛሬም አላለቀም። አንድ ዓይነት ሰው ግን ተረስቷል። ሐውልት አልቆመለትም። መንገድም በስሙ አልተሰየመለትም። ዛሬ እሱን ላመሰግን ነው የተነሣሁት። «ልሄድ ነው» የሚለውን ሰው።

ወዴት? አትጠይቁት። ውጭ ነዋ! ውጭ ማለት ከዓባይ በረሃ ማዶ ያለው ሁሉ ነው። አሜሪካ ሊሆን ይችላል፤ ካናዳም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ሲጨልም ደግሞ «አዲስ አበባ ገብቶ ሁኔታውን ማየት» ይሆናል።

እኔ የማውቀው ጎረቤቴን ነው። ስሙን አልጠራም። ሰፈሩ ራሱ ከረሳው ቆይቷል፤ «ሂያጁ» ነው የምንለው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሊሄድ ነው። በዚህ መሃል ስንቱ ሄደ! ወጣትነቱ ሄደ። ፀጉሩ ከፊት ለፊት ሄደ። እጮኛው ሄደች፤ ሩቅም አይደለም፣ ደምበጫ ድረስ። አግብታ ሦስት ወልዳለች። እሱ ግን አለ። እንዲህ ያለ ጽናት ከወዴት ይገኛል?

«ልሄድ ነው»ን የሚንቅ ሰው ጥቅሟን አያውቅም። ሂያጁ ዕድር አልገባም፤ «እኔ እንደሆን እዚህ አልሞትም» ይላል። ዕቁብም አልገባም። ዕጣው ሳይወጣለት ቢሄድስ? የቤቱ ቆርቆሮ ሐምሌ ሲገባ እንደ ወንፊት ነው። ሳፋው፣ ባልዲውና ድስቱ ወለሉ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። እናቱ «ልጄ፣ ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ብትቀይርልኝ» ሲሉት «እማዬ፣ ልሄድ ነው እኮ!» ይላል። ዝም ይላሉ። ለመንገደኛ ቆርቆሮ ይነሣበታል እንዴ?

ከአባቱ የደረሰችው ጥማድ የማትሞላ መሬት አለችው። አጎቱ «ባሕር ዛፍ ጣልባት» አሉት። «አምስት ዓመት ማን ይጠብቃል?» አላቸው። ይኸው ጠበቀ። የአጎራባቹ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ተቆረጠ። ከጉቶው አቆጠቆጠና ዳግመኛ ተቆረጠ። ሁለቴ ተሽጧል። የሂያጁ መሬት ላይ ግን እሾህና «ልሄድ ነው» በቅሎበታል።

እንዲያው ዝም ብሎ ተቀምጧል እንዳትሉ። ያመዛዝናል። ማመዛዘን እንዲህ ቀላል ሥራ መሰላችሁ?

ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሸጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር ይገባዋል። አንዳንድ እህል ነጋዴ ሲገዛ የጫማውን ጫፍ ከሚዛኑ ሥር ደገፍ ያደርጋታል። ከኩንታሉ አምስት ኪሎ ጭልጥ! ሂያጁም ጥበቡን ወርሶታል። የእሱ እግር ግን ከላይ ነው የሚያርፈው፤ በውጭ አገሩ በኩል።

ሚዛኑ የሚዘረጋው መናኸሪያው አጠገብ፣ ጀበና ቡና ጋ ነው። መሣሪያው የስልኩ ካልኩሌተር ነው። «አሜሪካ ትንሹ የሰዓት ክፍያ ስንት ነው? ሰባት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም» ብሎ ይጀምራል። ልክ ነው። የፌዴራሉ ወለል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዚያች ከ7.25 ንቅንቅ አላለም፤ በዚህ በዚህ ከሂያጁ ጋር ይመሳሰላሉ። «በስምንት ሰዓት 58 ዶላር። በ150 ብር ምታው። 8,700 ብር! በቀን! ሃያ ስድስት ቀን ብሠራ 226,200 ብር!» እዚህ ላይ ካልኩሌተሩ ይዘጋል። ሁላችንም ጸጥ እንላለን። አጠገቤ የሚቀመጠው መምህር ስኒውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መጠየቅ ነውር ነው። ዋሽንግተን ከተማ የባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ኪራይ ያንን የሃያ ስድስት ቀን ደሞዝ፣ 1,508 ዶላሩን፣ ውጦ «ጨምሩልኝ» እንደሚል መናገር ምቀኝነት ነው። እርግጥ ከተማዋ ለራሷ ከፍ ያለ ወለል አውጥታለች። ኪራዩስ መቼ ቆሞ ጠበቀ? አንድ ቀን ደፍሬ «ኪራዩንም በ150 ምታው እንጂ» አልኩት። «አንተ ሟርተኛ!» አለኝ። ለካ ሒሳቡ ሥርዓት አለው። ደሞዙ በብር ተመንዝሮ ማርቆስ ይበላል። ኪራዩ፣ ግብሩና የበረዶው ጫማ እዚያው በዶላር ይቀራሉ። ማን እንደሚከፍላቸው አልተወሰነም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ የሂያጁን ፊት ባያችሁ! ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ። እኛ የዘይት ዋጋ አስጨንቆን ስንንቆራጠጥ እሱ ደሞዙ እጥፍ ሆነለት። ሥራ ሳይቀጠር የደሞዝ ጭማሪ ያገኘ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ዲቪም አለ። ጥቅምት ላይ ገበሬው ማጭዱን ሲስል ሂያጁ ፎቶውን ይነሣል። ጀርባው ነጭ ይሁን፣ መነጽር ይውለቅ፣ ፊት አይሳቅ አይኮሳተር። ስፋቱ 600 በ600 ፒክስል። ደንቡን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ፎቶው ከስድስት ወር በላይ የቆየ እንዳይሆን ስለሚባል በየዓመቱ አዲስ ይነሣል። ዐሥራ ሦስቱን ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው የግንባሩን መስፋት እንደ ጨረቃ ትከታተላላችሁ።

የአሜሪካ ሕግ ለዲቪ የያዘው በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ነው። ከአንድ አገር ደግሞ ከ7 በመቶ በላይ አይወሰድም። ስታባዙት 3,850 ይመጣል። ለኢትዮጵያ በሙሉ። ያውም ዕጣ የወጣለት ሁሉ ቪዛ አያገኝም፤ በበጀት ዓመቱ ማብቂያ፣ መስከረም 20፣ ያልተመታለት ዕጣው ይቃጠላል። ሂያጁ «ከ3,850 አንዱ እኔ ብሆን ምን ይገርማል?» ይላል። ይህን የሚለው ማርቆስ መናኸሪያ እየተጋፋ ወንበር አግኝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዲቪ ተከፈተ ተዘጋ ሲባልም አይደነግጥም። በሩ ቢዘጋ የሚከፋው ሊገባ የቆመ ሰው ነው።

እኔስ? እኔም ዘጠኝ ጊዜ ሞልቻለሁ፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። አንዱን ዓመት የማረጋገጫ ቁጥሬን የጻፍኩባትን ወረቀት ከሱሪዬ ጋር አጠብኳት። እስከ ዛሬ በልቤ የማምነውን ልንገራችሁ። የወጣልኝ ያኔ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ሂያጁ ዲቪ ለመሙላት ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ እንዴት ክፉ እንደነበር እናውቃለን። ሞላና ተመለሰ። እናቱ «መድኃኒቴንስ አገኘኸው?» አሉት። ረስቶታል። ሰው ዓላማውን ከያዘ እንዲህ ነው!

በእነዚህ ዓመታት ለመሄድ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሞልቷል። እሱ ላይ አልቀልድም። እሱም ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብሎ አያወራም።

ለነገሩ መሄድ ለጎጃም ብርቋ አይደለም። የጎንደሩ ልጅ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ይመጣ ነበር። የኛው ልጅ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ። ኤምባሲው የሰው ደጃፍ ነው። ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የመንደሩ ውሻ ነው። ውድቅ ካደረገህ የሱሪህን ቁራጭ ይዞ ይቀራል። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ሌሊት ተነሥቶ ነው የሚጠፋ። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው! የዛሬው ሂያጅ ከመሄዱ ዐሥራ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ያሳውቃል።

ይህን ሳነሣበት ሂያጁ ዓባይን ምስክር ጠራብኝ። «ዓባይ እንኳ ከሰከላ ተነሥቶ፣ ጣና ገብቶ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ዞሮ ነው ሱዳን የገባ። መቼ ተቻኮለ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የቅኔ አገር ልጅ አይደል!

አማካሪም አይጠፋም። ከነዚህ አንዱ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። «አገርን ጥሎ መሄድ እናትን መካድ ነው» ይሉናል፤ ጋቢያቸውን እያጣፉ። ወዲያው ስልካቸው ይጮኻል። የሲያትሉ ልጃቸው ነው። «ልጄ፣ እንዴት ነህ? ያችን ነገር ላክኻት?» ይላሉ። እኛም ወደ ሌላ ወገን እናያለን።

ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣውስ? በታሸገ ውሃ እጁን እየታጠበ «ምን ልታደርጉ ትሄዳላችሁ? ሕይወት እዚህ ነው። እዚያ ሩጫ ብቻ!» ይለናል። ዓይኑ ዕንባ ያቀርራል። ጥሬ ሥጋውን፣ አረቄውን ያወድሳል። መምህሩ አንድ ቀን «እንግዲያው እንቀያየር» አለው። በጣም ሳቀ። በማግስቱ ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኖ ነበር።

አሁን ደግሞ አንዲት ያልሠለጠነች ልጅ ላንሣ።

ቡናውን የምታፈላልን እሷ ነበረች። ያ ሁሉ ሒሳብ የተሠራው እሷ ፊት ነው። 8,700 ብር በቀን ሲባል ከሰሏን ታራግብ ነበር። ሦስት ዓመት ሰማችን። አንዴ ብቻ ነው አፏን የከፈተችው። «ጋሼ፣ ፓስፖርት ለማውጣት ምን ምን ይጠይቃል?» አለችው ሂያጁን። ረጅም ማብራሪያ ሰጣት። የራሱ ፓስፖርት ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰነፍ አይደለም፤ ማሳደሱንም እያመዛዘነው ነው።

አንድ ሰኞ ስንደርስ በርጩማዎቹ ተደራርበው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። «አረብ አገር ሄደች» አሉን። አልተሰናበተችንም፤ «ልሄድ ነው» እንኳ አላለች። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የጉዞውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል ይላል። ደላላው አዋጅ አያነብም። እናቷ ላማቸውን ሸጡ።

ስትደውል ሌሊት ነው አሉ፤ የቤቱ ሰዎች ሲተኙ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እናቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይይዙና «ጮክ በይ እንጂ ልጄ» ይላሉ። እሷም ጮክ አትልም። ዓምና የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ተቀየረ። ያቺ ላም ግን ገና አልተተካችም።

ነገሩን ሂያጁ ጋ አነሣነው። ካልኩሌተሩን አወጣ። የልጅቷን ደሞዝ በብር መታ፤ የደላላውን ቀነሰ፤ የላሟን ቀነሰ። ያን ዕለት ሒሳቡ ወጪ የሚባል ነገር እንዳለ አወቀ። ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀና «ቸኮለች» አለ። «ትንሽ ብታመዛዝን ጥሩ ነበር።»

ባለፈው ቅዳሜ ቤቱ ሄድኩ። ዝናቡ እየወረደ ነው። ሳፋው፣ ባልዲውና ድስቱ በየቦታቸው ናቸው። እናቱ አልጋቸውን ወደ ጥግ አስጠግተውታል። ሂያጁ መደቡ ላይ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል። ካፖርቱን አውቀዋለሁ። በ2006 ዓ.ም. አብረን ከሰልባጅ ተራ ነው የገዛነው፤ «ለቺካጎ ብርድ» ብሎ። የጮቄ ብርድ ጨረሰው። ክርኖቹ ተቀደዋል፤ ገበሩም ተንጠልጥሏል።

«ሰሞኑን ሰልባጅ ተራ ወጥተሃል?» አለኝ። «ወፍራም ካፖርት ካየህ ንገረኝ። ይህን የተቀደደ ይዤ አልሄድም።»

ጠብታው ከድስቱ ወጣ ብሎ ማረፍ ጀምሯል። እናቱ ተነሥተው ድስቱን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።