አጋዘን የሚጥል የአየር ጠመንጃ፦ ከጉልበቱ በፊት ርቀቱን ጠይቁ

በትዕዛዝ የሚሠራ ትልቅ የአየር ጠመንጃ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጉልበቱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ማስታወቂያቸውን በቁጥር ይጀምራሉ። አንዱ 600 ጁል ሲል ሌላው 800 ይላል። ሦስተኛው ከሺህ አሳለፍኩ ብሎ ቪዲዮ ይለቃል። ይህ ፉክክር አደኑን እያበላሸው ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የማወራው ልጆች ቆርቆሮ ስለሚመቱበት ዓይነት አይደለም። ይሄኛው ባሩድም ቀለህም ባይኖረውም መሣሪያ ነው። ጥይቱን የሚገፋው ታምቆ የተቀመጠ አየር ነው። ጎሚስታ ጋ የምናስሞላው የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ቢይዝ ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ከ200 እስከ 300 ባር ይይዛሉ። የአፈሙዛቸው ስፋት ከ7.6 ሚሊ ሜትር ይጀምርና 12.7 ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። በደንብ ከተያዘ አጋዘን ይጥላል፣ የዱር አሳማም ይጥላል።

ዛሬ የተፈጠረም አይደለም። የኦስትሪያ ጦር ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የሠራውን የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ ለወታደሮቹ አስታጥቆ ነበር። ሃያ ጥይት ይጎርሳል። አየሩ የሚጠራቀመው ሰደፉ ውስጥ ነው። እሱን ለመሙላት ታዲያ በእጅ ፓምፕ 1,500 ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልግ ነበር። ወታደር ምን ያህል እንደተማረረ መገመት አያቅትም። አሜሪካን አቋርጠው ፓስፊክ ውቅያኖስ የደረሱት ሜሪዌዘር ልዊስና ዊሊያም ክላርክም የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር የተጓዙት። ልዊስ ጉዞውን በጀመረበት በ1803 ክረምት መጨረሻ ፒትስበርግ አጠገብ ጠመንጃውን ለተሰበሰበ ሰው አሳየ። አንድ አያያዙን የማያውቅ ሰው ተቀበለውና ሳያስበው ባረቀበት። ጥይቱ 36 ሜትር ያህል ርቃ የቆመች ሴት ባርኔጣ በስቶ ጆሮ ግንዷን ጫረ። ሴትየዋ ተርፋለች። «አየር ብቻ ነው» ለሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። አሜሪካኖች ጉልበትን በፉት ፓውንድ ነው የሚለኩት፤ እዚህ ወደ ጁል ቀይሬዋለሁ። በፋብሪካ ከሚመረቱት ጉልበተኛ ከሚባሉት አንዱ ኡማሬክስ ሃመር ነው። ከባድ ጥይት ሲጎርስ ወደ 1,030 ጁል ይደርሳል ይባልለታል። አጋዘን አዳኞች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ሠላሳ ዜሮ ስድስት የባሩድ ጠመንጃ ደግሞ 3,800 ጁል አካባቢ አለው። ስለዚህ በጁል ውድድር የአየር ጠመንጃ ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። ታዲያ ለምን እዚያው ሜዳ ላይ እንደሚሮጥ አይገባኝም።

አየር ወሰን አለው። ባሩድ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ እጅግ የጋለ ስለሆነ ጥይትን ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ያስሮጣል። ያልጋለ አየር ግን ከባድ የእርሳስ ጥይትን ከድምፅ ፍጥነት ማሳለፍ ይቸግረዋል። ጉልበት የፈለገ ሠሪ ያለው መንገድ አፈሙዙን ማስፋት፣ ማስረዘምና ጥይቱን ከባድ ማድረግ ነው። ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ውስጥ የሚሠራው ኤርፎርስ ቴክሳን የተባለው የአየር ጠመንጃ አፈሙዙ ብቻ 86 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ወዶ አይደለም።

ከባድና ዘገምተኛ ጥይት ደግሞ ቶሎ ይወርዳል። 23 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 245 ሜትር የሚልክ ጠመንጃ አለ እንበል። የማነጣጠሪያ መነጽሩ በ45 ሜትር ላይ ተስተካክሏል፤ እዚያ ርቀት ላይ ያለሙበትን ይመታል ማለት ነው። በ70 ሜትር ጥይቱ ካለሙበት ነጥብ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። በ90 ሜትር 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ አስቡት። በዓይኑ ገምቶ 70 ሜትር ነው ያለው አዳኝ፣ እንስሳው 90 ሜትር ላይ ከቆመ፣ ወይ ይስተዋል ወይ እግሩን ይሰብረዋል። ጁሉ ሺህ ቢሆን እዚህ ላይ ምንም አይረዳውም። የቆሰለ አጋዘን ጫካ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲሰቃይ የማስታወቂያውን ቁጥር ማን ይጠይቀዋል?

ሌላም ነገር አለ። የባሩድ ጥይት በፍጥነቱ ብቻ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጎዳል። የአየር ጠመንጃ ጥይት ቀዳዳ በስቶ ነው የሚያልፈው። ቀዳዳው በሁለቱም ሳንባዎች በኩል ማለፍ አለበት፤ ካለፈ እንስሳው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው ጥይቱ የት አረፈ በሚለው ነው።

የሠሪ ሙያም የሚለየው እዚህ ጋ ነው። አንድ ጎበዝ ሠሪ ሲያስተካክል አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ከቶርኖው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የፍጥነት መለኪያ ተቀምጧል። ይተኩሳል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። አየር የሚለቀውን ቫልቭ የሚመታውን መዶሻ የሚገፋውን ሞላ በሩብ ዙር ያጠብቃል፣ እንደገና ይተኩሳል። ፍጥነቱ ትንሽ ጨመረ። እንደገና አጠበቀ። አሁን ፍጥነቱ ባለበት ቆመ፤ ጩኸቱ ግን ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ቫልቩ ሳይዘጋ ስለቆየ ጥይቱ ከወጣ በኋላም አየሩ በከንቱ ይፈሳል። ሠሪዬ ፈገግ ብሎ ሞላውን ወደ ኋላ መለሰው። ጉልበት የሚያሳድደው ግን እዚያው ይተወዋል፤ ቁጥሩ በሁለትና በሦስት ጁል ይበልጣላ! ገዢው የሚያገኘው ብዙ ጩኸትና ቶሎ የሚያልቅ አየር ነው።

የአየሩ ማለቅ ቀላል ነገር አይደለም። ግፊቱን እኩል የሚያደርግ መቆጣጠሪያ በሌለው ጠመንጃ የመጀመሪያው ተኩስ ሙሉ ግፊት ያገኛል። ሁለተኛው ያነሰ፣ ሦስተኛው ከዚያም ያነሰ። ጥይቱም በየተኩሱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሃመር ራሱ በአንድ ሙሌት ሦስት ያህል ሙሉ ተኩስ ነው ያለው። ለአደን ይበቃል፤ ዋናው የመጀመሪያው ነው። ሚዙሪ ውስጥ በትንሽ ወርክሾፕ እየሠራ ስም ያተረፈው ዴኒስ ኳከንቡሽን የመሰሉ ሠሪዎች ጠመንጃቸው ተፈላጊ የሆነው ክብረ ወሰን ስለሰበሩ አይመስለኝም።

ሕጉስ? ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2018 አጋዘን በአየር ጠመንጃ እንዲታደን ስትፈቅድ ዝቅተኛውን ልክ በቁጥር አስቀምጣለች። አፈሙዙ ቢያንስ 7.6 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቱም 291 ጁል አካባቢ መሆን አለበት። ጥሩ ጅምር ነው። ወለል አለው፤ ስለ ርቀት ግን ምንም አይልም። የፌዴራሉ የ1968 የጦር መሣሪያ ሕግ ደግሞ ባሩድ ወይም ሌላ ፈንጂ የሌለውን ጠመንጃ አይቆጥረውም። በብዙ ግዛቶች 12.7 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣልሃል። ኒው ጀርሲ ግን እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው የምታየው። በእንግሊዝ ከ16 ጁል ያለፈ የአየር ጠመንጃ ያለ መሣሪያ ፈቃድ አይያዝም። እኔ የእንግሊዙን ጥብቅነት አልመኝም። ግን አጋዘን የሚጥል ነገር ከመጫወቻ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጡም አይዋጥልኝም።

ቴክሳስ ላለ የኛ ሰው አንድ ለየት ያለ ጣጣም አለ። በብዛት በአየር ጠመንጃ የሚታደነው የዱር አሳማ ነው። ሰብል ያጠፋል፤ በግል መሬት ላይ ባለመሬቱ ከፈቀደ የአደን ፈቃድ እንኳን አያስፈልግም። ገድለህ ምን ታደርገዋለህ? ለጎረቤት ትሰጣለህ፣ ሌላ ምን አለ። አጋዘን ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ እሱም ቢሆን «በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ በጥይት የሞተ» ብለው ሥጋውን የማይነኩ እናቶች አሉን። አልከራከራቸውም።

የጓሮ ሠሪዎችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የአየር ቦምቦላ በቤት ተበይዶ አይሠራም። ተመርምሮ ማህተም የተመታበት ብቻ ነው የሚገጠመው። ኦክስጅን ደግሞ በፍጹም አይሞላበትም፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ሠሪዎቹ «ርቀት የአዳኙ ኃላፊነት ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ገዢው 150 ሜትር ላይ ብረት ሲመታ የሚያሳየውን ቪዲዮ የለቀቀው ማን ነው? ብረት አይቆስልም፣ አይሸሽም። ሠሪው ጠመንጃውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ከጠመንጃው ጋር አንድ ወረቀት ይስጥ። በየትኛው ጥይት፣ በስንት ባር፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተኩሶች በ45፣ በ70 እና በ90 ሜትር የት እንዳረፉ ይጻፍበት። ከታች ደግሞ አጋዘን ከዚህ ርቀት በላይ አይተኮስም የሚል ቁጥር ይኑር። 60 ሜትር ከሆነ 60 ይበል። ገዢው ይህን አይቶ «አነሰኝ» ብሎ የባሩድ ጠመንጃ ቢገዛ ለአጋዘኑም ለሠሪውም ስም ይሻላል።